ዘይላን በዘይለዒይ ሚዛን፦ ስለ አንዲት የዓሣ አጥማጆች ከተማ የሚነገሩ ትረካዎች ሂሳዊ ምርመራ

ዘይላ ዛሬ ትንሽ ከተማ ናት። በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ ከጅቡቲ ድንበር ብዙም ሳትርቅ፣ ወደ ባሕሩ ገባ ባለ ዝቅተኛ አሸዋማ መሬት ላይ ትገኛለች። የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች፣ በጨዋማው ረግረግ የበቀሉ የማንግሮቭ ዛፎች፣ ከባሕር ድንጋይ ተገንብተው ኋላ የፈረሱ ቤቶችና መስጊዶች ይታዩባታል። ይህችን ከተማ ያየ መንገደኛ ስሟ በሐነፊ ፊቅህ ተማሪዎች ዘንድ ከስድስት መቶ ዓመታት በላይ ሲጠራ መኖሩን በቀላሉ አይገምትም። በአዲስ አበባ መስጊዶችም ስሟ በኪታብ ጀርባ ላይ ተጽፎ በመደርደሪያ ይገኛል፤ ከተማዋ ራሷ ግን ከአንባቢው ዐይን ተሰውራለች።

በሃያ ሁለት አካባቢ ለመድረሳ መምህራን በሚሰጥ የምሽት ትምህርት «ነስቡ-ር-ራያ» በተነበበ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ «ኢማም ዘይለዒይ የእኛ አገር ሰው ናቸውን?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ መልሱ ብዙውን ጊዜ ሳይመረመር ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ መሆኑ ነው። ስለ ዘይላ በየሚንበሩና በየትምህርት ክፍሉ ሦስት ትረካዎች ይዘዋወራሉ። አንደኛው፣ ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሰሓቦች ከመርከብ የወረዱት በዘይላ ነው፤ «መስጂደል ቂብለተይን» የተባለው ፍርስራሽም ለዚህ ምስክር ነው ይላል። ሁለተኛው፣ «ዘይለዒይ» የሚል ኒስባ ያላቸው ዑለማእ ሁሉ የዚህች ወደብ ተወላጆች ናቸው ይላል። ሦስተኛው ከኢብን በጡጣ የጉዞ መጽሐፍ የተገኘ ሲሆን፣ ከተማዋ ከዓለም ከተሞች ሁሉ የቆሸሸች፣ ሕዝቧም በአብዛኛው ራፊዳ እንደሆነ የሚናገር ነው። ሁለቱ ለክብር ሲባል ይነገራሉ፤ ሦስተኛውን ወዳጅ ይደብቀዋል፣ ተቃዋሚ ይጠቅሰዋል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ሦስቱም በአንድ ሚዛን መመዘን አለባቸው የሚል ነው፤ ሚዛኑንም ያበጁልን በከተማዋ ስም የሚጠሩት ኢማም ራሳቸው ናቸው።

ሚዛኑ

ጀማሉ-ድ-ዲን ዐብዱላህ ኢብን ዩሱፍ አዝ-ዘይለዒይ (ረሒመሁላህ) በ762 ዓመተ ሂጅራ በካይሮ አረፉ። ታላቁ ሥራቸው «ነስቡ-ር-ራያ» የመርጊናኒይ «አል-ሂዳያ» በተባለው የሐነፊ ፊቅህ ኪታብ ውስጥ የተጠቀሱትን ሐዲሶች ምንጫቸውን እየተከተለ የሚመረምር ነው። የሥራው ክብደት ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒይ «አድ-ዲራያ» ብለው አሳጥረው ለአንባቢ ማቅረባቸው ብቻውን ያሳያል።

ለእኛ ምርመራ የሚጠቅሙን ሦስት ልማዶቻቸው ናቸው። አንደኛ፣ ማንኛውም ዘገባ ከየት እንደመጣና በማን በኩል እንደተላለፈ ይጠይቃሉ። ሁለተኛ፣ ምንጭ ያላገኙለትን ዘገባ የራሳቸውን መዝሀብ የሚደግፍ ቢሆንም እንኳ «ገሪብ» ብለው ያልፉታል፤ ይህ ቃል በእሳቸው አጠቃቀም መሠረት ያልተገኘለት ማለት ነው። ሦስተኛ፣ የተቃራኒ ወገን ማስረጃዎችን ሳይሸፍኑ ለብቻ ዘርዝረው ያቀርባሉ። አንድ ዓሊም በራሱ መዝሀብ ላይ ይህን ያህል ጥብቅ ከሆነ፣ በስሙ የምንኮራ እኛ ስለ ስሙ አገር ስንናገር ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ማድረጋችን ተገቢ አይሆንም።

ሁለቱ ቂብላዎች

የመጀመሪያው ሂጅራ ወደ ሐበሻ የተደረገው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በተላኩ በ5ኛው ዓመት፣ ማለትም በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ኢብን ሰዕድ ሰደተኞቹ ከሹዐይባ ጠረፍ በሁለት የነጋዴ መርከቦች ተሳፍረው፣ ለመጓጓዣ ግማሽ ዲናር ከፍለው እንደሄዱ ይዘግባሉ። የመነሻው ጠረፍ ስም ተጠቅሷል፤ ዋጋው ሳይቀር ተጠቅሷል። በአፍሪካ በኩል የወረዱበት ጠረፍ ግን በስም አልተገለጸም። የአክሱም መንግሥት የታወቀ ወደብ አዱሊስ ሲሆን፣ እርሱም ከዘይላ እጅግ ወደ ሰሜን በቀይ ባሕር ዳርቻ ይገኛል። ስለዚህ የዘይላ ትረካ በሲራ ኪታቦች ላይ ሳይሆን በመስጊዱ ስም ላይ ብቻ የቆመ ነው ማለት ነው።

የመስጊዱ ስም የሚያመለክተው በፍርስራሹ ውስጥ የሚታዩትን ሁለት ሚሕራቦች ነው፤ አንዱ ወደ በይተል መቅዲስ፣ ሌላው ወደ መካ የዞረ ነው ይባላል። እዚህ ላይ ካርታ መመልከት ያሻል። በመዲና ባለው መስጂደል ቂብለተይን ስሙ ግልጽ ትርጉም አለው፤ ከመዲና በይተል መቅዲስ በሰሜን፣ መካ በደቡብ ስለሆኑ ቂብላው በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ ሲለወጥ ሰጋጁ ፊቱን ወደ ጀርባው ማዞር ነበረበት። ከዘይላ ግን ሁለቱም ከተሞች በሰሜን በኩል፣ ጥቂት ወደ ምዕራብ ዘመም ብለው፣ በአንድ መስመር ላይ ናቸው ሊባል በሚችል አኳኋን ይገኛሉ። የሦስቱን ቦታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ይዞ በሉል ስሌት ያሰላ ሰው በሁለቱ አቅጣጫዎች መካከል የሚያገኘው ልዩነት ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ነው። ማንኛውም የሒሳብ መምህር ከደረሶቹ ጋር ሊያረጋግጠው ይችላል። በዘይላ ቆሞ ወደ በይተል መቅዲስ የሰገደ ሰው ቂብላው ሲለወጥ እግሩን ማንቀሳቀስ አያስፈልገውም ነበር።

ከዚህ የሚከተለውን በልኩ እንያዘው። መስጊዱ ጥንታዊ አይደለም የሚል ድምዳሜ አይከተልም። የዘይላ ስም በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢብን ሐውቀል ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል፤ በከተማዋ ቀደምት መስጊድ መኖሩም የሚያስገርም አይደለም። ሁለት ሚሕራብ በማስፋት፣ በማደስ ወይም የቂብላን ስሌት በማረም ሊመጣ ይችላል፤ ይህን የሚለየው የሥነ ቁፋሮ ባለሙያ ነው። የሚከተለው ይህ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ሚሕራቦች ስለ ቂብላ መለወጥ ምስክር ሊሆኑ አይችሉም። ኢማም ዘይለዒይ ቢጠየቁ ኖሮ ይህን ትረካ «ገሪብ» ከሚሉት ጋር ይመድቡት እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

ከከተማዋ የሰፋው ስም

ሁለተኛውን ትረካ ለመመርመር የሚረዱን የካይሮና የደማስቆ ጸሐፊ ኢብን ፈድሉላህ አል-ዑመሪይ (በ749 ዓ.ሂ. የሞቱ) ናቸው። አል-ዑመሪይ ሐበሻን አላዩም። ስለ አገራችን ሙስሊሞች የጻፉትን የሰሙት በተለይ ከፈቂህ ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒይ ነው፤ እኚህ ሰው በአፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን በካይሮ ተገኝተው፣ የግብፅ ሱልጣን የፓትርያርኩን ደብዳቤ አስጽፎ በሙስሊሞች ላይ የሚደርሰውን እንዲያስቆም ያመለከቱ ናቸው። አል-ዑመሪይ ኢፋት፣ ደዋሮ፣ አራባቢኒ፣ ሐዲያ፣ ሻርኻ፣ ባሌና ዳራ የተባሉትን ሰባት የሙስሊም መንግሥታት ከዘረዘሩ በኋላ አንድ ዋና ማስተዋወቂያ ይሰጣሉ፤ የግብፅና የሻም ሰዎች አገሩን በሙሉ «የዘይላ አገር» ይሉታል፣ ዘይላ ግን ከባሕር ዳር መንደሮቹ አንዷ ብቻ ናት፣ ስሟ በሁሉም ላይ ስለገነነ ነው ይላሉ።

ይህ ቃል ለኒስባ አረዳዳችን ወሳኝ ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካይሮ ውስጥ «ዘይለዒይ» መባል የወደቧ ተወላጅ መሆንን አያረጋግጥም፤ ከኢፋት ተራሮች ወይም ከባሌ ሜዳ የመጣም ሰው በዚሁ ስም ሊጠራ ይችል ነበር። «ነስቡ-ር-ራያን» ያዘጋጁት ኢማምም ሆኑ መምህራቸው ፈኽሩ-ድ-ዲን ዑስማን አዝ-ዘይለዒይ (በ743 ዓ.ሂ. የሞቱ፣ የ«ተብዪኑል ሐቃኢቅ» ባለቤት) ሐነፊይ ናቸው። አል-ዑመሪይ ደግሞ የሰባቱ መንግሥታት ሰዎች ሐነፊይ እንደሆኑ፣ በኢፋት ግን ሻፊዒይ እንደሚበዛ ይናገራሉ፤ ኢብን በጡጣም የዘይላን ጠረፍ ሕዝብ ሻፊዒይ ይሉታል። የሁለቱ ኢማሞች መዝሀብ እንግዲህ ከጠረፉ ይልቅ ወደ መሀል አገር የሚጠቁም ይመስላል። ይህ ጠቋሚ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ በካይሮ ተምረው የያዙት መዝሀብ ሊሆንም ይችላል። ከዘመናት በኋላ የተነሡት የታሪክ ጸሐፊው ዐብዱ-ር-ራሕማን አል-ጀበርቲይ (1753–1825 እ.ኤ.አ.) የቅድመ አያቶቻቸውን አገር ጀበርትን በዘይላ ምድር ውስጥ አድርገው መግለጻቸው ሰፊው አጠራር ምን ያህል እንደዘለቀ ያሳያል።

ለመምህራን ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እንግዲህ «ከአፍሪካ ቀንድ፣ የዘይላ አገር ይባል ከነበረው ምድር ናቸው» የሚል ይሆናል። መልሱ ከተለመደው ያነሰ ይመስላል፤ እውነቱ ግን የበለጠ ነው፣ መሀል አገሩንና ጠረፉን አንድ ላይ ይዟልና። ጥር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያና ሶማሌላንድ በአዲስ አበባ የመግባቢያ ሰነድ ከተፈራረሙ ወዲህ የባሕር በር ጉዳይ በየሻይ ቤቱ ሲነሣ የዘይላም ስም አብሮ ይነሣል። የመካከለኛው ዘመን ጸሐፊዎች አጠራር የማንም የይዞታ ወረቀት አይደለም፤ ዛሬ በዘይላ የሚኖሩ፣ መረባቸውን የሚጥሉ፣ ሙታናቸውንም እዚያው የቀበሩ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ኢማም በኹጥባው ኪታብን ለፖለቲካ ክርክር ማበደር የለበትም።

ያላደረው እንግዳ

ኢብን በጡጣ በ1330 እ.ኤ.አ. ገደማ ከዐደን ተነሥተው በአራት ቀን የባሕር ጉዞ ዘይላ ደረሱ። መጽሐፋቸው ከተማዋ ትልቅ፣ ገበያዋም ሰፊ መሆኑን ይመሰክራል። ወዲያውም ስለ ቆሻሻዋና ስለ ሽታዋ አምርሮ ይናገራል፤ ምክንያቱንም ይሰጣል፤ የዓሣው ብዛትና በየመንገዱ የሚታረዱት ግመሎች ደም ነው ይላል። ባሕሩ የተናወጠ ቢሆንም በከተማዋ ከማደር ይልቅ በመርከብ ላይ ማደርን እንደመረጡም ይተርካል።

አንድን ራዊ ስንመዝን የት ቆሞ እንዳየና ምን ያህል እንደቆየ እንጠይቃለን። ኢብን በጡጣ በዘይላ አላደሩም። ትረካውንም ለኢብን ጁዘይ በፌዝ ያጻፉት ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይተው ነው፤ መጽሐፉ የተጠናቀቀው በ756 ዓ.ሂ. ነበር። ስለዚህ በዘገባቸው ውስጥ ሁለት ዓይነት ቃል መለየት ይገባል። ዐይንና አፍንጫ በአንድ ቀን የሚመሰክሩት አለ፤ ገበያው፣ ዓሣው፣ የግመሉ ደም። ይህ ጠንካራ ምስክርነት ነው፤ ስላሳፈረን ልንጥለው አንችልም። መቆየትን፣ መጠየቅንና ከሰው ጋር መስገድን የሚሻ ደግሞ አለ፤ «አብዛኛው ሕዝብ ራፊዳ ነው» የሚለው ከዚህ ወገን ነው። አንድ ሌሊት ያላደረ እንግዳ የአንድን ከተማ ሕዝብ ዐቂዳ ቆጥሮ «አብዛኛው» ሊል የሚችልበት መንገድ የለም። በዚያው ገጽ የአገሩን ሰዎች ሻፊዒይ ማለታቸውም ቃሉን ያዳክመዋል። አል-ዑመሪይም ከአገሬው ፈቂህ ሰምተው ስለ አገሩ ሙስሊሞች ሲጽፉ የሚጠቅሷቸው መዝሀቦች ሐነፊይና ሻፊዒይ ናቸው።

እኚሁ መንገደኛ ከዘይላ ቀጥለው በመቅዲሾ ቃዲው ተቀብሏቸው፣ ሱልጣኑ አስተናግዷቸው፣ ጁሙዓ ሰግደው ሰነበቱ፤ የመቅዲሾ ገጾቻቸውም በምግብ፣ በልብስና በአደብ ዝርዝር የተሞሉ ናቸው። በዘይላ ያስተናገዳቸው ቃዲም ሆነ ዓሊም አልጠቀሱም። የገጾቹ ልዩነት በከፊል የከተሞቹ ልዩነት ነው፤ በከፊል ደግሞ የእንግድነቱ ልዩነት ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን አል-ዑመሪይም በዚሁ ሚዛን ይመዘኑ። እሳቸው ከሰሚነት አላለፉም፤ የነገሯቸው ሰው ደግሞ አቤቱታ ይዘው የመጡ ናቸው። አቤት ባይ የወገኑን ድህነትና መከፋፈል አጉልቶ መናገሩ ባሕርያዊ ስለሆነ፣ ስለ መንግሥታቱ ድክመት የተጻፈው በጥንቃቄ ይነበብ። ስለ ቦታ ስሞችና ስለ መዝሀብ ግን እኚህ ፈቂህ የሚዋሹበት ጥቅም አይታይም።

ሦስተኛው ምስክር እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ነው። በ1854 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ ሐረር ከመውጣቱ በፊት የሙስሊም ነጋዴ መስሎ በዘይላ አንድ ወር ገደማ ተቀመጠ። ለምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ያገለግል የነበረ፣ ስለ አገሬው በንቀት የሚጽፍ ሰው ነው፤ በዐዳላው ረገድ ከኢብን በጡጣ የከፋ ነው። ሆኖም ስለቆየ ያያቸው አሉ፤ የከተማዋ ግንብና አምስት በሮቿ፣ መስጊዶቿ፣ የገዥው ሐጅ ሸርማርኬ ቤት፣ ከከተማዋ ውጪ ካሉ ጉድጓዶች በግመል የሚመጣው የመጠጥ ውኃ። መልካም ሐሳብ የሌለው ሰው በመቆየቱ ብቻ፣ ታላቁ መንገደኛ ያላዩትን መዘገቡ ለተመራማሪ ትምህርት ነው።

ዓሣው፣ ግመሉና ኪታቡ

የሦስቱ ምስክሮች ቃል አንድ ላይ ሲነበብ ከተማዋ መታየት ትጀምራለች። ዘይላ የሚታረስ መሬት የላትም፤ የሚጠጣ ውኃዋ እንኳ ከውጪ ይመጣላታል። የምትኖረው ከጀልባና ከግመል ነበር። ዓሣው ከባሕሩ፣ ግመሉ ከመሀል አገሩ መጥተው በአንድ መንገድ ላይ ተገናኙ። ኢብን በጡጣን ያባረራቸው ሽታ የዚህ መገናኘት ሽታ ነው። ለገበያ የመጣ አርብቶ አደር፣ ነፋስ የሚጠብቅ መርከበኛ፣ ለሐጅ ወይም ለዒልም ወደ ዐደን የሚሻገር ደረሳ ሁሉም እዚያ መብላት ነበረባቸው። ከመሀል አገር ተነሥቶ በአል-አዝሀር የጀበርቶች ሪዋቅ የተቀመጠ ደረሳ በዚህ መንገድ ካለፈ፣ መጀመሪያ ያሸተተው የባሕር ዳር ሽታ ይኸው ዓሣ ነው። ያሻገረው የጀልባ ባለቤት ስም በየትኛውም የጠበቃት ኪታብ አልተጻፈም፤ የዑለማእ ታሪክ ስናስተምር ይህን ሰው ከከተማዋ ጋር አብረን አውጥተን ጥለነዋል።

በሐቅ እንናገር ካልን ሌላም የምንዘለው አለ። በዚህ በር የወጣው ሁሉ ፈቅዶ የወጣ አይደለም። ከመሀል አገር የተነዱ ባሪያዎች ከዝሆን ጥርስና ከቆዳ ጋር በዘይላ በኩል ለዘመናት ተሸጠዋል። የዒልም በር የሆነችው ከተማ የዚህም በር ነበረች። ተቃዋሚ ከመንገሩ በፊት ለደረሶቻችን እኛ ብንነግራቸው ለአማናችን የተሻለ ነው።

የከተማዋ መውደቅም በአንድ ቀን አልመጣም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሱልጣን ሰዕዱ-ድ-ዲን ከከተማዋ ፊት ለፊት ባለው፣ እስከዛሬ በስማቸው በሚጠራው ደሴት ተገደሉ። በ1517 እ.ኤ.አ. ፖርቱጋሎች አቃጠሏት። ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ተነሥታለች። ንግዷን የወሰደው በ1897 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ መሠራት የጀመረው የባቡር ሐዲድ ነው፤ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የሐረር ሲራራ ነጋዴ ወደ ዘይላ የሚወርድበት ምክንያት አጣ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የነበረው ጦርነት ደግሞ የቀሩትን ግንቦች ጎዳ። የቀራት ከሁሉ በፊት የነበራት ሙያ፣ ዓሣ ማጥመድ ነው።

ለሚንበርና ለትምህርት ክፍል

ይህ ሁሉ ለኢማምና ለመምህር ምን ፋይዳ አለው? ደካማ ማስረጃ በክብር ልብስ ሲቀርብ ጉዳቱ ዘግይቶ ይታያል። ስለ መስጂደል ቂብለተይን በልጅነቱ የተማረ ወጣት አንድ ቀን ካርታ ከፍቶ ሁለቱ አቅጣጫዎች አንድ መሆናቸውን ያያል። ያን ቀን የሚጠራጠረው አንዱን መስጊድ ብቻ አይሆንም፤ ከእኛ የሰማውን የሂጅራ ትምህርት በሙሉ አብሮ ይጠራጠራል። የሐበሻ ሂጅራ ደግሞ የዘይላን ፍርስራሽ ምስክርነት የሚሻ አይደለም፤ በሰነድ የተረጋገጠ ነው። ጽኑውን በደካማ መደገፍ ጽኑውን ማድከም ነው።

ስለዚህ በትምህርት ክፍል የሚከተለውን ብንይዝ መልካም ነው። ሂጅራን ስናስተምር በሲራው የተጠቀሰውን እንናገር፣ ያልተጠቀሰውን ጠረፍ አንጨምር። የዘይለዒዮችን ኒስባ ስናብራራ የአል-ዑመሪይን ማስተዋወቂያ አብረን እናንብብ። የኢብን በጡጣን ገጽ ሳንቆርጥ እናስነብብ፤ ደረሳው ራሱ የትኛው ቃል የዐይን ምስክር፣ የትኛው የመንገደኛ ግምት እንደሆነ ይለይ። ይህ ለሙስጠለሐል ሐዲስ ትምህርት ጥሩ ልምምድ ይሆናል። «ራፊዳ» የሚለውን ቃል ግን ከዚህ ገጽ አንሥቶ በዛሬ ሙስሊም ላይ መለጠፍ፣ ካላደረ እንግዳ የተሰማን ቃል ለፍርድ ማዋል ነው።

ከሁሉም በላይ የሚቸኩል ሥራ አለ። በሐረር፣ በድሬዳዋ፣ በጅጅጋና በአዲስ አበባ በዘይላ መንገድ የተጓዙ አያቶቻቸውን ታሪክ የሚያውቁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሉ፤ የመሻይኾችን መናቂብ፣ የሲራራውን ማደሪያዎች፣ የጀልባውን ዋጋ ይናገራሉ። እነዚህ ቃሎች ማን ከማን እንደሰማ ተለይቶ፣ ከነቀናቸውና ከነቦታቸው ቢመዘገቡ ቀጣዩ ተመራማሪ ከሦስት ምስክሮች በላይ ይኖረዋል። ሥራው ትልቅ ተቋም አይጠብቅም፤ አንድ መምህር፣ ሁለት ደረሶችና አንድ ደብተር ሊጀምሩት ይችላሉ።

ወላሁ አዕለም።